ጉዳዩ ሳይመረጥ የማይቀዳ ጠጅ

አራዳ ጠጅ ቤት የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ብርሌ ማጠብ ነበር። አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ ጠጠርና ውኃ ጨምሮ ማንቀጭቀጭ ነው። ባለቤቷ እትዬ አስካለ፣ "የሰበርሽ ዕለት በመጣሽበት ትመለሻለሽ" አሉኝ። አልሰበርኩም።

ከአጣቢነት ወደ ቀጂነት አለፍኩ። የቀጂ የመጀመሪያ ደንብ መቅመስ ነው፤ እንግዳው ሳይጠጣ መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ፣ ተደብቀሽ ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየሽው ትቀምሻለሽ። በኋላ ጠጅ ጣይም ሆንኩ፤ መቅዳቱን ግን አልተውኩም። ፊደል የለየሁትም ልጄ ደስታ ሲያጠና አጠገቡ ተቀምጬ ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሙግት ወዳጆች ይመጡ ነበር። ሙግቱ ለጨዋታ ነው፤ ደንቡ ግን የችሎት ነው። የሁለቱ ተሟጋቾች ኩታ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ የሚፈታው አንዱ ሲረታ ነው። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ዓመቱን ሙሉ የሚሟገቱበትን ጉዳይ ይመርጣሉ።

አመራረጡ እንዲህ ነበር። ጠጁ ይዞራል፤ ሞቅ ሲላቸው አንዱ ጉዳይ ይወረውራል፤ የተጨበጨበለት ያልፋል። ሰው የሸሸው ወገን በዕድሜ ለታናሹ ተሟጋች ይሰጣል።

አንድ ዓመት ልጄ ደስታ አድጎ ከተሟጋቾቹ ገባና ታናሹ እሱ ሆነ። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ ነገረ ፈጁ አቶ ለማ፣ "ዘንድሮ 'በዳይ ሹም ይሻር ወይስ ይታገሡት' የሚለውን ነው የማመጣው" ሲሉ ሰማሁ። 'ይታገሡት' የሚለውን ሁሉም ይሻማዋል፤ 'ይሻር' የሚለው ለልጄ ሊደርስ ነው። ጆሮ ጠቢ ደግሞ ከጠጅ ቤት አይጠፋም። ዓመቱን ሙሉ "ሹም ይሻር" የሚል ልጅ የት እንደሚያድር ማን ያውቃል? ደስታን ተው ብዬ ብለምነው፣ "እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አለኝ።

የምርጫው ዕለት ብርሌዎቹን ባዶ ደረደርኩ።

"ምነው በደረቁ?" አሉ የሙግቱ ዳኛ ግራዝማች።

"ጉዳዩ ሳይመረጥ አልቀዳም፣ ጌታዬ።"

"ቀጂ ነሽ ወይስ ዳኛ?"

"ቀጂ ነኝ። ቀጂ መጀመሪያ ራሷ ትቀምሳለች። ጉዳይ ያመጣም ሰው ከባዱን ወገን ራሱ ይያዝ።"

 ግራዝማች ወደ አቶ ለማ ዞሩ።

"ጉዳይህን ተናገር።" አቶ ለማ ተናገሩ፤ ግራዝማች ጠየቁ። "ከባዱ የቱ ነው?"

"ይሻር የሚለው።"

"እንግዲያ ቅመስ። ኩታህን አምጣ።"

አቶ ለማ ኩታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ለከርሞ ይቆየን" አሉ።

"ምነው ለማ፣ ኩታህ አጠረ?" ብሎ አንዱ ተረባቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በመጨረሻ በቅሎ ይሻላል ወይስ አውቶሞቢል የሚለው ተመረጠ። ያመጣው አናጢ ከባዱን ወገን፣ አውቶሞቢልን ያዘ። ያን ጊዜ ቀዳሁ።

ደስታ በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብሎ እስከ ኅዳር ሚካኤል አኮረፈኝ። ያኮረፈ ልጅ ግን እራቱን ቤቱ ይበላል።

ደንቡ ሥራ እስክተው ድረስ ጸና። እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ ጉዳይ የሚመረጠው ከጠጅ በፊት ነው፤ ያመጣውም ሰው መጀመሪያ ይቀምሳል።