የሸዋወርቅ ጠያቂዎች

ሸዋወርቅ የአንድ ዓመቱን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ልትጨርስ አርባ ቀን ሲቀራት፣ ሰው ሁሉ ሊሰናበታት ይመጣ ጀመር። ደም የቀላቀለ አክታ ስትተፋ፣ በየቀኑ መርፌ ስትወጋ ዝር ያላለው ሁሉ፣ አሁን ሳሉ ጠፍቶ፣ የሌሊት ላቡ ቆሞ የቀራት ድካም ብቻ ሲሆን ጎረፈ። ጥፋቱ የድካሙ ነው። የናዝሬት ሰው ሳል ያውቃል፣ ወባ ያውቃል። ልብስ ሰፊ ሴት በጠራራ ፀሐይ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ስትተኛ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ አበቃላት።

ድካሙ እውነት ነበር። አንድ እጅጌ ሰፍታ ታርፋለች። ሽንኩርት ልጣ ታርፋለች። ፀጉሯን ባንድ ጎን አበጥራ ሌላውን ጎን ለነገ የምታሳድርበት ቀን ነበር። ጤና ጣቢያ ኪኒን የሚሰጣት ድሬሰር መሐመድዘይን ግን አስረግጦ ነግሯታል። "ሰውነትሽ ዓመት ሙሉ ሲታገል ከርሞ ነው የደከመው። አሁን ወደ ሰው አይተላለፍም። ደክሞኛል ብለሽ ካቋረጥሽ ግን በሽታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ይኼው ኪኒን ላይበግረው ይችላል።" ይህን ይዛለች። አርባ ቀን። ሌላው ሁሉ ይደር።

ያልቻለችው ጠያቂውን ነበር። የታመመ መጠየቅ ጽድቅ ነው፣ ማንም አይክድም። ነገር ግን ጠያቂ ሲገባ በሽተኛ ተነስቶ ይቀመጣል፤ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል፤ ጨዋታ ያዳምጣል። የመጣው ሁሉ ብርቱካኑን አስቀምጦ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ከንፈር ይመጠጣል። በዚሁ በሽታ የሞተ ዘመድ ሁሉ ስሙ ይነሳል። ሲወጡ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ እሷ እየሰማች፣ "እሷስ አለቀች" ይባባላሉ። አንድ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰው ጠይቋት፣ ኪኒኑን የምትውጥበትን ብርጭቆ ማንሳት አቃታት። አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች፤ ንዴቱ ከእንባው ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቷ አዴ ሎሚ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ገቡ። "ያ ሸዋዬ! ዋቃዮ ይማርሽ!" ብለው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ሸዋወርቅ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣

"አዴ ሎሚ፣ ሳይቀመጡ፣ ባልዲው እዚያ ጥግ ነው። ከቦኖ ውሃ ይቅዱልኝ" አለች።

"እኔ?"

"እርስዎ። ልጠይቅሽ ብለው አይደል የመጡት? እኔን የቸገረኝ ውሃ ነው።"

አዴ ሎሚ ነጠላቸውን አስተካክለው ባልዲውን አነሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕግ ሆነ። ብርቱካን ይዞ የመጣ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ይይዛል። ከንፈር የመጠጠ ሽንኩርት ይልጣል። በነቀርሳ የሞተች አክስቱን ያነሳ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ሰፈሩ ታመሰ። "ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ ይባላል፤ ይቺ ሳትነሳ ረሳችው!" አሏት። ጠያቂው በግማሽ ቀነሰ፤ የቀረው ግን የሚረባው ነበር። አዴ ሎሚም እያጉረመረሙ በየማለዳው ውሃውን አላስታጎሉም።

ከተቀየሙት አንዱ ቤተሰቧ ወዳለበት ወለንጪቲ ድረስ ወሬ ላከ። ሠላሳ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ታላቅ ወንድሟ ብዙነህ ጋሪ ተከራይቶ ደጇ ላይ ቆመ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ቃሉንም ጥሳ አታውቅም።

"ተነሺ፣ ቤትሽ እንግባ። ጸበሉ አለ፣ ወተቱ አለ። በኪራይ ቤት ብቻሽን አትሞቺም።"

"ኪኒኔስ ጋሼ?"

"ጸበልና ኪኒን አብሮ አይሆንም። ዓመት ሙሉ ዋጥሽው፤ ይኸው መቆም አቅቶሻል።"

"እየሞትኩ አይደለም። ደክሞኛል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።"

"ከውጭ ለሚያይሽ አንድ ናቸው" አለና ድምፁ ተሰበረ። ወንድሟ መፍራቱን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አሳዘናት። ቢሆንም፣ እሱ ስለፈራ እሷ አትሞትም።

ሰኞ ኪኒን የምትቀበልበት ቀን ነው። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

"ጋሪው ላይ ውጪ፣ ጤና ጣቢያ ላድርስሽ።"

"አልወጣም። ከወጣሁ የምታወርደኝ ወለንጪቲ ነው።"

እሱም አልካደም።

በእግሯ ሄደች። ጋሪው ከኋላዋ ይንቀጫቀጫል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና መንገድ ዳር አፈር ላይ ቁጭ አለች። ሰው ቆሞ አያት። "ምን ታያላችሁ? እያረፍኩ ነው!" ብላ ጮኸች። ብዙነህ ፊቱ ቀላ። "የአባቴ ልጅ አፈር ላይ!" አለና ዘሎ ወረደ። ወደ ቤቷ በሩጫ ተመልሶ በርጩማ አመጣ፤ እጇን ይዞ አስቀመጣት። ስትነሳ በርጩማውን አንጠልጥሎ ተከተላት።

ሁለተኛውን ዕረፍት ጠይቃ አረፈች። በሦስተኛው ሳትጠይቀው፣ እርምጃዋ ሲያጥር አይቶ፣ አስቀድሞ በርጩማውን አኖረላትና ፀሐይዋን ከልሎ ቆመ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "ስንት ቀን ቀረሽ አልሽ?" አላት። ነገረችው። ዞር ብሎ ባለጋሪውን "አንተ ሂድ" አለው።

ብዙነህ ወለንጪቲ የተመለሰው ከሠላሳ ሦስት ቀን በኋላ፣ የመጨረሻውን ኪኒን ስትውጥ አይቶ ነው፤ ብቻውን።