ሦስት ዓመት አልጋ ላይ የተኛችው ተማሪ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመካኒሳ አቦ ተነሳሁ። የእህቴ ልጅ ሜሮን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በሚገኝ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ናት፤ ሰኞ ሆስፒታል ገብታ በሽተኛ ላይ መሥራት ትጀምራለች። ኮሌጁ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴያችንን እዩልን» ብሎ ቤተሰብ ስለጠራ፣ እኔም ነርስ ነኝና በጉጉት ሄድኩ።

መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው በሰፈር ውስጥ አዞረን። ጋቢና ተቀምጬ የግንባታ አቧራ እየጠጣሁ ለቡ ደረስኩ። ኮሌጁ በር ላይ አንድ እርጥብ፣ ያችን ድንችና ቃሪያ ያለባትን ዳቦ፣ በልቼ፣ ቃሪያው እያቃጠለኝ ገባሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል

ተማሪዎቹ አንድ ለአምስት ተደራጅተው አልጋዎቹን ከበዋል። ደስ አለኝ። በእኛ ጊዜ መምህሩ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ በቃ። ሜሮን ጫማዋን አውልቃ አልጋ ላይ ተኝታለች። የቡድኑ መሪ ክንዷን በላስቲክ አስሮ፣ እያብራራ ደም ቀዳ። የቀሩት ጻፉ። እኛም አጨበጨብን።

«ያንቺ ተራ መቼ ነው?» አልኳት ስትነሳ።

«እኔማ ታማሚዋ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ዛሬ?»

«ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ። ደም ስሬ ጎልቶ ስለሚታይ አይለቁኝም። ግን ውጤቱ የጋራ ነው፤ ኤ አለኝ።»

ደሜ ፈላ። መምህሩን ፈልጌ ያዝኩት። «ይቺ ልጅ ሰኞ ሰው ልትወጋ ነው። መርፌ ይዛ ታውቃለች?»

«ቡድኗ ሙሉ ውጤት አለው እኮ፣ ሲስተር።»

«የምትወጋው እሷ ናት እንጂ ቡድኑ አይደለም!»

መዝገቡን ገለጠ። «ተሳትፋለች። ይኸው ፊርማዋ።»

ተሳትፎ ማለት ይህ ከሆነ አልጋውም ተሳትፏል! አሁኑኑ ትሥራና እንያት ብል፣ እንግዶቹን ለስላሳ እየጠበቃቸው ነው ብሎኝ ሄደ።

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

በመንገዴ መርፌ፣ ጓንትና አልኮል ገዝቼ ሜሮንን ይዤ መካኒሳ ተመለስኩ። ሶፋው ላይ ተጋደምኩና ክንዴን ዘረጋሁላት። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛውም ሳተ።

«ያማል፣ አክስቴ?»

«ያማል። ቀጥይ።»

በሦስተኛው ደሙ መጣ። ሜሮን ከእኔ በላይ አለቀሰች።

በመምህሩ ተናድጄ ስመለስ በራሴም ተናድጄ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «ጥሩ ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ዛሬ ምን ሠራ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ክንዴ በልዟል። ሰኞ እሷ ሆስፒታል ስትገባ፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ኮሌጁ እሄዳለሁ። መምህሩ ከፊርማዋ አጠገብ ይህንን የበለዘ ክንዴንም ይመዝግብልኝ።