ታላላቆቹ ያስተማሩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት፣ ከታች ፎቅ የምትኖረው ኮሪያዊት ጎረቤቴ የትምህርት ቤት ማስታወቂያዎች ታቅፋ በሬን አንኳኳች። ሳንሆዜ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ልጆቿን እንግሊዝኛ ልታስተምር ፈልጋለች፤ እኔ አስተማሪ እንደነበርኩ ደግሞ ሰው ነግሯታል። አንዱ ወረቀት ላይ ኮምፒዩተር ተደርድሯል፣ ሌላው ላይ ፈረንጅ አስተማሪ ጥርሱን ፍልቅቅ አድርጓል። «የትኛው ነው ጥሩ?» አለችኝ። ወረቀቶቹን ወደ ጎን አደረግኩና ጁን ስለሚባል ልጅ ማውራት ጀመርኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መሀል ነው። ከኮሌጅ መመረቄ ነበር፤ ወረፋ የማልችል፣ ያሰብኩትን ሳላላምጥ የምተፋ ልጅ ነበርኩ። ሥራ ያገኘሁት ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ነው። አንድ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ለኮሪያ ልጆች እንግሊዝኛ የሚሰጥ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ስለሚሰጥ እኔ እስከዛሬ «ያ ክረምት» ነው የምለው፤ እዚህ አገር በዚያ ወቅት ጠብታ ባይወርድም። ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ መንገዱን ስለሚውጠው ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምድር ቤቱ ጠመኔና ልጆቹ ለምሳ የሚያመጡት በበርበሬ የተብላላ ጎመን ይሸታል። ለእኛ ሰው አፍንጫ የሚከብድ ሽታ አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሚስስ ፓክ ልጆቹን በፈተና ውጤት ነበር የምታስቀምጣቸው። ጎበዝ ከፊት፣ ሰነፍ ከኋላ። ከፊት የዘጠኝ ዓመቷ ሱጂ ተቀምጣለች፤ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ታላቅ ወንድሟ ጁን። ጁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጥያቄ ስጠይቀው ጆሮው ይቀላል እንጂ አፉ አይከፈትም። የሚገርመኝ ግን ሱጂ ነበረች። መልሱን እንደምታውቅ ዓይኗ ላይ አየዋለሁ፤ ዞር ብላ ወንድሟን ታይና መልሳ ትውጠዋለች። ቀስ በቀስ ክፍሉ በሙሉ እንደዚያው ሆነ። እኔ ብቻ ስለፈልፍ እውላለሁ።

አንድ ቀን የልጆቹ አባት ሚስተር ቾይ መጣ። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ጁንን ኢንተርቪው ሊያደርገው ነው፤ ካልተናገረ ሁለት ክፍል ወርዶ ከእህቱ ጋር ሊማር ነው።

«ታላቅ ወንድም ከታናሹ ጋር አንድ ክፍል ከተቀመጠ» አለ፣ «ቤቴ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። አሜሪካዊ አስተማሪ ነበር የፈለግነው። እንግሊዝኛ ያንቺም ቋንቋ አይደለም።»

«ስላልሆነም ነው የማስተምረው» አልኩት። «እንደ ልጅዎ ተሰናክዬ ነው የተማርኩት። የት የት እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ።»

ሚስስ ፓክ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። አባትየው ሲወጣ፣ «ጁን ከወደቀ ልጆቹን ያስወጣል፣ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ» አለችኝ። አፌ ደፋር ነበር፣ መላ ግን አልነበረኝም።

መላው የመጣው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። እዚያው ቴሌግራፍ ላይ፣ የሀበሻ ምግብ ቤት፣ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ጋሽ ወርቁ እኔንና ጥቂት ጓደኞቼን ጋብዘዋል። ዶሮው ቀርቧል፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ነው፣ አንጀቴ ይጮሃል። ጋሽ ወርቁ ግን ተማሪ ሳሉ ስለነበረው ሰልፍ ጀምረዋል፤ እሳቸው ሰልፍ ከጀመሩ ደግሞ ቶሎ አይበተንም። ከመካከላችን እጁን የሰነዘረ የለም።

«ምነው አትበይም እንዴ? ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ ድንገት።

«እርስዎን ነዋ ጋሼ። እስኪበተኑ።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ስቀው ቆረሱ፣ እኛም ተከተልን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ ሱጂ ትዝ አለችኝ። እኔ፣ ያቺ ችኩል፣ ርቦኝ እንኳ ታላቅ ሳይቀድም እጄን አላነሳሁም። ያቺ ልጅ ታዲያ በወንድሟ ፊት ቀድማ እንዴት ትመልስ? እሱስ ታናሹ ከፊቱ ተቀምጣ ምን አፍ አለው?

ሰኞ ጠዋት ሚስስ ፓክን በር ላይ ጠበቅኳት። «በዕድሜ እናስቀምጣቸው» አልኳት።

«እሱ የአገር ቤት ነገር ነው» አለች። «እዚህ አሜሪካ ነው። ወላጅ ውጤት ነው የሚያየው።»

«እርስዎ ታላቅ እህትዎ ሳትናገር ይናገራሉ?»

«እሷ እያለች? እንኳን ልናገር፣ አላስልም» አለችና ራሷም ሳቀች። በዚያው ፈቀደች።

ወንበሮቹን በታተንኳቸው። ጠዋት ጠዋት ታላላቆቹን ብቻ አስተምራለሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ታናናሾቹን ይዞ ያንኑ ያስተምራል። ለጁን ሱጂንና ሁለት ትንንሽ ልጆች ሰጠሁት። የመጀመሪያ ቀን ድምፁ አይሰማም። በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት እጅጌዬን ጎተተኝ፤ ሱጂ ጠይቃው ያልመለሰው ነገር ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ላለማፈር ቤት ሲያጠና ማምሸት ጀመረ። ሲሳሳት ትንንሾቹ ስህተቱን በጩኸት ይደግሙለታል፤ እኔ ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። ለእኔ ዓይነቷ ይህ ቀላል ቅጣት አልነበረም።

«ስህተት እያስተማረ ነው እኮ» ትለኛለች ሚስስ ፓክ።

«ይሁን። እየተናገረ ነው። ነገ ጠዋት አቃናለታለሁ።»

ክረምቱ ሲያልቅ ምድር ቤቱ ገበያ መስሎ ነበር። ከላይ ያሉት ቄስ ሁለት ጊዜ ወርደው ቀስ በሉ ብለውናል።

ኢንተርቪው የተደረገ ቀን ሚስተር ቾይ፣ ሱጂና እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆመናል። በሩ ተዘግቷል። መጀመሪያ የሚሰማው የጠያቂው መምህር ድምፅ ብቻ ነበር። ሚስተር ቾይ ባርኔጣውን ያሽከረክራል፣ እኔ እግሬን አወዛውዛለሁ። ከዚያ የጁን ድምፅ ጀመረ። ቀጠለ። አላቆመም። ቤዝቦልና የኮሪያ ጨዋታ በምን እንደሚለያዩ ለመምህሩ እያስረዳ ነው። «ገብቶዎታል ወይስ ልድገምልዎት?» ሲል ሰማሁት፣ ልክ ለእነ ሱጂ እንደሚለው። ሱጂ አፏን በሁለት እጇ ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች።

መምህሩ እየሳቀ ወጣ። «ከእኩዮቹ ጋር ይገባል» አለ፤ «እኔንም ምሳ እንድበላ ይልቀቀኝ።»

ሚስተር ቾይ ወደ እኔ ዞረ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደገፈና ዝቅ ብሎ ጨበጠኝ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው። በእኛም አገር እንዲህ የሚጨበጠው ታላቅ ሰው እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። እኔም ክንዴን ደግፌ፣ ከእሱ ዝቅ ብዬ ጨበጥኩት። ወደ ቴሌግራፍ ስመለስ አውቶቡስ አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ መንገዱን የገዛሁት ይመስል።

ያን ሁሉ ለጎረቤቴ አወራሁና፣ «ወረቀት አትዪ» አልኳት። «ሂጂና ከክፍሉ በር ውጪ ቁሚ። የአስተማሪው ድምፅ ብቻ ከተሰማሽ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ልጅ ሳይፈራ ሲሳሳት የሚሰማበትን ፈልጊ፤ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

ትናንት ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ስልኩን ወደ አንድ በር አስጠጋችው። የልጆች ጫጫታ ነው፤ ሁሉም ያወራል፣ ማን ማንን እንደሚያርም አይለይም። ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«እዚህ ነው?» አለችኝ።

«እዚያ ነው» አልኳት።