ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ካበቀለ በኋላ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከገዛ ልጄ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። ለዚህ ነው የተጻፈ ነገር አከብር የነበረው። አከብር ነበር ነው ያልኩት።

ያ ግንባር አገሩን በያዘበት ዘመን መጨረሻ ግድም ፍኖተ ሰላም በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጧት እህቴ ከማንኩሳ በእግሯ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ማሳውን «የኔ ነው» ብሎ ከሷት ነበር። ዳኛው መሬቱ በስሟ ስለመመዝገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ እንድታመጣ አዘዋታል። ሌላ መሬት የላትም። ማሳው ከሄደ እሷም ሰው ቤት ገብታ ማደሯ ነው።

«ወንድም ዓለም፣ ወረቀቱ አንተ ካለህበት ቤት ነው አሉኝ። ዛሬ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«እታለም፣ ወረቀት ቀርቷል። አሁን ሁሉ ነገር በማሽን ነው።»

«ማሽኑስ ያንተው ባልደረባ አይደል?»

ማሽኑ የማንም ባልደረባ አልነበረም። መዝገቦቻችንን ኮምፒውተር ላይ ከጫንን በኋላ አዲስ ትእዛዝ መጣ፤ የኛ ኮምፒውተር ባሕር ዳር ካለው ዳታቤዝ ጋር ሳይገናኝና መዝገቡ እዚያ ሳያልፍ ማረጋገጫ አይሰጥም ተባለ። የባሕር ዳሩን የሠራው ሰው ሥራውን አስረክቦ አዲስ አበባ ገብቷል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኛ ግን የማናውቀውን አገር ደጅ እንድንጠና ታዘዝን።

ለማገናኘት የተመደበችው ከቡሬ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። መዝገቡን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ አጠገቧ አስቀመጡኝ። መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መስመር መኖሩን ጠየቀች፤ አለ። ቀጥላ ገብታ ልታይ ስትል የባሕር ዳሩ ማሽን «አላውቅሽም» አላት። ይለፍ ቃሉን ያወጣው ያው አዲስ አበባ የገባው ሰውዬ ነው። ስልክ ተደወለ፣ ተለመነ፣ በስንት ኩራት ነገራት። ተገናኘ። አጨበጨብን። መዝገቦቹን ስትልክለት ግን ጥቂት ተቀበለና ቀጥ አለ። በቀይ ቀለም እንግሊዝኛ ተፋ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ቀኑ ስሕተት ነው ይላል፣ አባባ። የቱ ቀን እንደሆነ ግን አይናገርም።»

«እንግዲያማ የኛ አለቃ ዘመድ ነው።»

ሳቀች። ከጤፍ እንክርዳድ እንደሚለቅም ሰው ሥራዋን ያዘች። መዝገቡን በየቀበሌው ከፋፍላ ላከች፤ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይቆማል። የቆሙትን ደግሞ በየወሩ ከፋፈለች። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ እስከ ነሐሴ ድረስ ሁሉም አለፈ። ከዚያ ቆመ። እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«አባባ፣ ጳጉሜ ናት! ያኛው ወር የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ስትሰጠው ይደነግጣል።»

በጳጉሜ መሬት የሚለካ ማን ነው? በዚያ ጭቃ፣ በዚያ በቆሎ ውስጥ? እኛ ነን። ለአዲስ ዓመት ሪፖርት ይድረስ ተብሎ፣ መሬቱ በተለካበት ዓመት ቀያሾች በዝናብ ተነድተው ነበር። የእህቴ ማሳ የተለካው በሩፋኤል ዕለት ነው። ዝናቡ ጠበል ነው ብለው ልጆች ራቁታቸውን ሲቦርቁ፣ ቀያሹ ገመዱን እንደያዘ ቦይ ውስጥ ወድቆ አገር ስቆበታል። ያንን ቀን የሚረሳ የለም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ስንሠራ ኖረናል። ወሯ ለሥራ ስትሆን አለች፣ ለክፍያ ስትሆን የለችም። ማሽኑ ይኸን ከማን ተማረው?

ልጅቷ ለኃላፊው ነገረችው። መስተካከል ያለበት ባሕር ዳር ያለው እንጂ የኛ አይደለም፣ ትንሽ እንታገሥ አለች። እሱ ግን ሪፖርት አለበት። ከወንበሩ በላይ «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚል የቱሪስት ፖስተር ተለጥፏል፤ እሱ ሥር ተቀምጦ ፈረደ።

«ጳጉሜ የሚለውን በሙሉ ነሐሴ ሠላሳ አድርጊው።»

«ጌታው፣ የተለካው በሩፋኤል ነው። አገር ያየው ነገር ነው» አልኩ።

«እርስዎ ፊደል የቆጠሩት ትናንት፤ ዛሬ ለኮምፒውተር ዳኛ ሆኑ?»

«ፊደል የቆጠርኩት ትናንት ነው። ጳጉሜን ግን ከእናቴ ሆድ ጀምሮ አውቃታለሁ።»

«ይውጡልኝ!»

ወጣሁ። ልጅቷ ዓይኔን ሳታይ «ታዝዤ ነው፣ አባባ» አለችኝ። መዝገቡ እንደ ውሃ ፈሰሰ። የእህቴ ማረጋገጫ ታተመ፣ ማኅተም አረፈበት። እሷም ወረቀቱን ስማ ጉያዋ ከተተችው። ስለ ቀኑ ነገርኳት። «መሬቱ በስሜ ነው አይደል የሚል? ቀን ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ችሎት ላይ እሷም ምስክሮቿም መሬቱ የተለካው በሩፋኤል ነው ብለው ማሉ። ያኔ ሲለካ የተሰጣት የይዞታ ደብተሯም ጳጉሜ ሦስት ይላል። የባሏ ወንድም ጠበቃ ማረጋገጫውን ብድግ አደረገው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ነሐሴ ሠላሳ ይላል። እንግዲህ ወይ ደብተሩ ተጭበርብሯል፣ ወይ ምስክሮቹ በሐሰት ምለዋል።»

ከኋላ ተነሣሁ። «ጌታዬ፣ ቀኑን የቀየርነው እኛ ነን፤ ማሽኑ ጳጉሜን—»

«አንተ ማን ነህ?» አሉ ዳኛው።

«ወንድሟ ነኝ።»

«ተቀመጥ። ወንድም ለእህቱ ምን ሊል ኖሯል?»

ጽሕፈት ቤቱ ተጠየቀ። ኃላፊው «ትክክለኛው ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነው» ብሎ ጻፈ። ደብተሩ ተጣለ፣ ምስክሮቹ አልታመኑም፣ ስሟ ኮምፒውተሩ ላይ የገባው በዚያው ደብተር ነው ተብሎ ማረጋገጫውም አብሮ ወደቀ፣ ማሳው ለባሏ ወንድም ተፈረደ። በይግባኝም ጸና።

ከችሎት ስንወጣ እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም።

«ወንድም ዓለም፣ ሩፋኤልን የት አደረሳችሁት?»



የባሕር ዳሩ ማሽን ኋላ ተስተካክሏል። ጳጉሜን ያውቃል አሉ። ልጅቷን የእህቴን ማሳ እንድታይልኝ ለመንኳት። ከፈተችው። በባሏ ወንድም ስም ነው፤ የተለካበት ቀን ደግሞ እንደተቀየረ፣ ነሐሴ ሠላሳ።

«ለምን አልተመለሰም?» አልኳት።

«ቀኑን መልሱ ብሎ ያዘዘን የለም፣ አባባ።»

እህቴ ዛሬ ጅጋ በሰው ቤት ጠላ ትጠምቃለች። በሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ጎረቤት ሁሉ ሊጠመቅ ይወጣል። እሷ በሯን ትዘጋለች። «ለኛ ነሐሴ ነው» ትላለች።