ለቤዝ ተጫዋቹ የተተወ ድምፅ

ጃዝ ጊታር የተማርኩት ሻርጃ፣ ከአምስት ሰው ጋር በምጋራው ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። መምህሬ ስልኬ ውስጥ የሚኖር ሽበታም ፈረንጅ ነበር። እሱ እኔ መፈጠሬንም አያውቅም፤ እኔ ግን የእሱን ጣቶች ከወንድሜ ጣቶች በላይ አውቃቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ ከፈረቃ ገብቶ የተኛ ሰው ስለማይጠፋ ጊታሬን የምሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ጓደኞቼ የሚሰሙት የክሩን ቅጭልጭልታ ነበር። «አይጥ ገባ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የምሠራው ዱባይ፣ አል ጋርሁድ፣ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ከሻርጃ እዚያ ድረስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ሲዘጋ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይነጫነጫል፣ እኔ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር። የመምህሬን ቪዲዮ ወደ ኋላ እየመለስኩ በግራ እጄ ጉልበቴን እንደ ጊታር አንገት ጨብጬ ስለማመድ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ቀስ ብለው ቦታ ይቀይራሉ።

እሁድ እሁድ ደግሞ አጅማን በተከራየነው አዳራሽ የህብረታችን ጊታር ተጫዋች እኔ ነኝ። መዝሙሮቻችን ሦስት ኮርድ፣ ማለትም ሦስት ዓይነት የድምፆች ጥምር ይበቃቸዋል። ስንት ዓመት በሦስት ኮርድ ሳገለግል ምንም አልጎደለብኝም ነበር። ቪዲዮዎቹን ከጀመርኩ ወዲህ ግን መዝሙሩም፣ የሚዘምረውም ሰው፣ ከእኔ ጋር የሚጫወተውም ሁሉ ቀለለብኝ። ሌላ ስም ልሰጠው እችል ነበር፤ ንቀት ነው። ሰው እጁን አንስቶ ሲያመልክ እኔ በልቤ «እዚህ ጋ እኮ እንዲህ ያለ ኮርድ ቢገባ» እያልኩ ነበር የማገለግለው።

ከትምህርቶቹ ሁሉ አንዱ ልቤን ወሰደው። ሽበታሙ መምህር «የኮርዱን መሠረት አትጫወቱ» ይላል። መሠረቱ ኮርዱ የሚቆምበት የታችኛው ድምፅ ነው። እሱ የቤዝ ጊታሩ ሥራ ስለሆነ እኛ ከላይ ያሉትን፣ ለኮርዱ ቀለም የሚሰጡትን ሁለት ሦስት ድምፆች ብቻ እንያዝ፣ ታችኛውን ለቤዝ ተጫዋቹ እንተውለት ማለቱ ነው። እውነትም ሲጫወተው ያምራል። ከበስተኋላው የተቀዳ ቤዝ አለዋ! እኔም ስለማመድ ያው የተቀዳ ቤዝ በጆሮዬ እየገባ ነበር። ለወራት ያለዚያ ቤዝ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ሰምቼ አላውቅም።

አል ዋርቃ፣ አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ እህት ነበረችን። ማዳሟ የምትለቃት በወር አንድ እሁድ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። እናቷ ማረፋቸውን የሰማችው ልብስ እየተኮሰች፣ ወንድሟ ደውሎ ነው። አገር ቤት ቢሆን መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ ደግፎ የሚይዝ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ቀድሞ ይሰበሰባል። እሷን የደገፋት የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ነው። ማዳሟ ለሐዘን አገር መግባት አልፈቀደችላትም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ልጆቹ ፊት አታልቅሺ» ብላታለች። እኛም ለቅሶ ልንደርሳት አልቻልንም፤ የሰው ቪላ አንኳኩቶ ገብቶ ለቅሶ መቀመጥ እዚህ አገር የለም።

ስለዚህ የህብረታችን መሪ አንድ መላ አመጣ። በምትወጣበት እሁድ መድረኩ ለእሷ ይሰጣታል፤ ለእናቷ ያወጣችውን መዝሙር ትዘምራለች፤ እኛም በዚያው ለቅሶዋን እንደርሳለን። ሁሉም ተስማማ። የማጅባት እኔ ሆንኩ።

መዝሙሩን በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ በሹክሹክታ ነው የቀዳችው፣ ማሽኑ ከኋላዋ ይጮሃል። ሦስት አንቀጽ ነው። «ወንድሜ፣ ማዳም እንዳትሰማኝ ነው ቀስ ያልኩት» አለች። «ሦስተኛው ላይ ነው እማዬን የምሰናበታት። እዚያ ድረስ አንተ ያዘኝ፣ እኔ ሙዚቃ አላውቅም።»

ያዝኳት? እኔ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ዱባይ ማሪና ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ጊታር የሚጫወት አንድ ወንድም በዚያ እሁድ ሊጎበኘን ቃል ገብቷል። በሙያው እንጀራ የሚበላ ሰው ነው። እሱ ፊት በሦስት ኮርድ መታየት ሞት መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ በአውቶቡስም በአልጋዬም ላይ መዝሙሯን እንደ አዲስ ሠራሁት። እያንዳንዱን ኮርድ ቀየርኩ፣ የእያንዳንዱን መሠረት አወጣሁ። በጆሮ ማዳመጫዬ ግሩም ነበር።

እሁድ ጠዋት ቤዝ ተጫዋቻችን «ሹግል ጠርተውኛል፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልደርስም» ብሎ ጻፈልን። ኪቦርዳችን ከተበላሸ ሰንብቷል። ያን ጊዜ ወደ ሦስቱ ኮርዶቼ መመለስ ነበረብኝ። ጭራሽ አልታየኝም። እንግዳው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሳየው ደግሞ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

እሷ ጥቁር ሻሽ አስራ ወጣች። መግቢያውን ስጫወት አይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር፤ አሁን ሳስበው መነሻ ድምፅ እየፈለገች ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደምንም ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ መንሳፈፍ ጀመረ። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ያደነቀችኝ መስሎኝ ይበልጥ የተወሳሰበ ኮርድ ጨመርኩላት። እንደገና አየችኝ፣ ዝቅ ብላ ሞከረች፣ ከፍ ብላ ሞከረች፣ ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ሐዘኑ የበረታባት መስሏቸዋል። እናቶች ተነስተው አቀፏት፤ መሪው «አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ» ይላታል። ለቅሶው ተደረሰ። ሦስተኛው አንቀጽ ጋ ግን አልተደረሰም። እናቷን ሳትሰናበት ከመድረክ ወረደች።

ከፕሮግራሙ በኋላ የጊታሬን ገመድ ስጠቀልል እንግዳው መጣ። ምስጋና ጠብቄ ቀና አልኩ።

«ኮርዶችህ ያምራሉ፣ ደክመህበታል» አለኝ። «ግን ቤዝ አልነበራችሁም እኮ። ልጅቷ ምን ላይ ትቁም?» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መሠረቱን እኔ አውጥቼዋለሁ፣ የሚይዘው ቤዝ ደግሞ አልነበረም፤ ድምፅዋ የሚቆምበት አጥቶ ነው የተንሳፈፈው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሷ በሩ ጋ ነበረች። የማዳሟ ሹፌር ውጭ ሆኖ የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋ ነው። አይኗ አብጧል። እኔን ስታይ ተመልሳ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችኝ። «ያን ያህል ለፍተህ አሳፈርኩህ። ድምፄ ጠፋብኝ።»

እውነቱን ልነግራት አንድ አረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ምን ያቅታል? ከጎኔ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። እነሱ አጨዋወቴን ሲያደንቁልኝ ነበር።

«አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት። ይህም አልበቃኝ። «ትንሽ ልምምድ ነው የጎደለሽ።»

«እሺ፣ እለማመዳለሁ» አለችና እየሮጠች ወደ መኪናው ሄደች።

አሁንም በወር አንድ እሁድ ትመጣለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች። መሪው ያቺን የጀመረችውን መዝሙር እንድትጨርስልን ደጋግሞ ጠይቋታል። «እኔ እኮ ድምፅ የለኝም» ትላለች። እኔም ጊታሬን ይዤ፣ ከእሷ አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ እንዲህ ስትል እሰማታለሁ።