አያቴ ዝም የሚያሰኙበት ስንኝ

አያቴ ሮቤ ከተማ ባለው ቤታቸው መንዙማ ሲያወጡ አንድ ልማድ ነበራቸው። አላህን ከሚጠይቅ ስንኝ በኋላ ተቀባዮቹ ወዲያው እንዲቀበሏቸው አይፈቅዱም፤ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ። «ጠይቀን እኛው ከመለስን ምኑን ጠየቅነው?» ይሉ ነበር።

አምና እናቴ፣ የእሳቸውም የበኩር ልጅ፣ ታማ ስትሞት እኔ መስገድ አቆምኩ። እንድትድን ብዙ ዱዓ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዝም አሰኝተው ሲጠብቁ መልስ ሰምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ አንድም ቀን!» ብለው ሳቁ። «ጆሮዬ ደህና በነበረ ጊዜም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ለምን ይጠብቃሉ?»

«የሌለን ማን ይጠብቃል፣ ልጄ?»

ያን ዕለትም መስገድ አልጀመርኩም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በሰደቃው ላይ መንዙማውን አጎቴ አወጣ። የአያቴ አጎዛ ባዶውን ተነጥፏል። ያ ስንኝ ሲደርስ እጁን የሚያነሳ ስላልነበረ ተቀባዮቹ ወዲያው ተቀበሉ። እኔ ግን ለመቀበል አፌ እምቢ አለኝ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ውዱእ አደረግሁና ሰገድኩ። ስጨርስ መልስ አልሰማሁም፤ ቢሆንም ከመስገጃው ቶሎ አልተነሳሁም።