አባቴ የተቀመጠበት ፎቶ

ልጅ እያለሁ በቤታችን ግድግዳ ላይ አባቴ አልነበረም። ሰውየው በሕይወት አለ፤ ጓሮ ሆኖ በሬ ሲጣራ ድምፁ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ግን የለም። በዚያ ዘመን የደህና ሰው ቤት የሚታወቀው ከመደቡ በላይ በተሰቀሉ ፎቶዎች ነበር፤ ባለ መስተዋት ፍሬም፣ ጫፉ ላይ የተሰካ የላስቲክ አበባ፣ መስተዋቱ ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ዘመዶች። እኛም ቤት ፍሬሙም አበባውም ነበረ። በወንድሜ ክርስትና ዕለት በተነሣው ፎቶ ላይ አባቴ በጀርባው ይታያል፤ ውሻ ሊያባርር ዞሮ። ሌላው ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት ገብተን የተነሣነው ነው። ከኋላችን ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ አለ፤ እናቴ ቆማለች፣ ታላቅ እህቴ ቆማለች፣ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝያለሁ፤ ከፊታችን ባለው ወንበር ላይ ደግሞ የአባቴ ባርኔጣ ለብቻው ተቀምጧል። ፎቶ አንሺው መብራቱን እስኪያስተካክል መታገሥ አቅቶት "መጣሁ" ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴ ፎቶውን እንዲሁ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ በጣቷ እያመለከተች "ባለቤቴ ይኸውና" ትላለች፤ ባርኔጣውን ማለቷ ነው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነው እንጂ። የጎረሰውን እያኘከ ከቤት የሚወጣ፣ ገበያ ሄዶ ሌላው እህሉን ከአህያው ሳያራግፍ ሸጦ የሚመለስ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቦታው ሳይሞቅ "በሉ እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ የሚነሣ ሰው ነበር። እናቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ስትለው መልስ ለመስጠት እንኳ ጊዜ የለውም፤ በር ላይ ደርሷል። ለሥራ ሲጠሩት ከጠሪው ቀድሞ ስለሚደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ይወደዋል። "ቁጭ በል" የሚለውን ሰው ግን እንደ ደመኛ ነበር የሚያየው፤ የፎቶ አንሺ ሥራ ደግሞ ሰውን ቁጭ በል ማለት ነው።

ታላቅ እህቴን፣ እታለም የምላትን፣ ገበዝ ማርያም ለሚኖር ሰው ስንድራት ነገሩ የምር ሆነ። ገበዝ ማርያም ቋሪት ነው፣ ደጋ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው መንደራችን እዚያ ደርሶ መምጣት ያኔ ቀላል አልነበረም፤ ክረምት ሲገባማ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። እናቴ ለድግሱ ያልተጨነቀችውን ያህል ለፎቶው ተጨነቀች። ጌሾውን እየወቀጠች "ልጄ ሰው አገር ሂዳ ግድግዳዋ ላይ ምን ትስቀል? ባርኔጣ? አማቶቿ አባት የላትም ወይ ቢሉስ?" ትላለች። የአባቴ መታወቂያ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ እናስፋት ተብሎም ነበር። እሷም ላይ ሊነሣ ሲል ስለተያዘ ግንባሩ የለም። አንድ ቀን ውኃ ልንቀዳ ወርደን እታለም እንስራዋን ስታዝል "አባባ የሌለበትን ፎቶ ምን ላርገው? ሲናፍቀኝ ማንን ልይበት?" አለችኝ። ለእኔ ሳይሆን ለውኃው የተናገረች ትመስል ነበር።

እናቴ ጉዳዩን የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰደችው፤ መምሬ ውበቱ ዘንድ። አባቴ ለመምሬ እምቢ አይልም። እሳቸው ቤታችን መጥተው፣ ጠላቸውን ቀምሰው፣ ስለ ዝናብና ስለ ቦለቄ ሲያወሩ ቆይተው፣ ሊወጡ ሲሉ "ለልጅህ አንድ ጊዜ ብትቀመጥላት ምን ይጎልብሃል?" አሉት። አባቴ ቆሞ ነበር፣ እንደ ወትሮው። "እሽ አባ፤ እቀመጣለሁ። ሰውየው ግን ቶሎ ይበል" አለ።

ሰውየው ጋሽ ምናለ ይባላል፤ ፍኖተ ሰላም ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። ሰው ሊነሣበት ባለ ቁጥር ጣቱን ቀስሮ "አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!" ስለሚል አገሩ ሁሉ "አንዴ ብቻ" ነበር የሚለው። እኛ ልጆች ከጭቃ ካሜራ ሠርተን፣ የለስላሳ ቆርኪ በመስተዋቱ ቦታ ለጥፈን፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰዓት ሠርግ እንጫወት ነበር። አንዱ አንዴ ብቻን ይሆናል፣ አንዷ ሙሽራ ትሆናለች፣ አንዱ ደግሞ የኔን አባት ይሆናል፤ የሱ ሥራ ተሳድቦ መሄድ ነው። መጀመሪያ ላይ በዚህ አለቅስ ነበር። ኋላ ራሴ አባቴን መሆን ጀመርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ማንም እንደኔ አልቻለበትም።

የእታለም ሠርግ ጥር ላይ ነበር። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተከድኖ ግቢው ሁሉ ያንን ጉንፋን የሚያስለቅቅ ሽታ ይሸታል፤ መሬቱ ላይ የተነሰነሰው ሣር እርጥብ ነው፤ የሴቶቹ ፀጉር በቅቤ ርሷል። አንዴ ብቻ በጋሪ መጣ፤ ካሜራው አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዳሱ ፊት አግዳሚና ወንበር አስደረደረ። "ተቀመጡ" ባለ ጊዜ ተሽቀዳድሞ የተቀመጠ አባቴ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ወግ ያዘ። መምሬ "ሽማግሌዎቹ ይቅደሙ" ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ "ኧረ ካህን ቆሞ" ይላሉ፤ አንዱ "በሞቴ" ይላል፣ ሌላው "በሥላሴ" ይላል፤ መካከለኛው ወንበር ባዶውን ቀረ። አባቴ ጋቢውን እያጣፋና እየፈታ ወደ ፀሐይዋ ያያል።

እንደ ምንም ተቀመጡ። አንዴ ብቻ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሊጫን ሲል አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በር ገባ። እኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ የሚቀበል የለም፤ ሁሉም "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። "በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር አትነሡ" እያለ ሽማግሌው መጣ፤ ቦታ ይሰጠው ተባለ፤ የወንበሩ ክርክር እንደ አዲስ ተጀመረ። ተረጋጉ ሲባል አንዲት ባልቴት በልጃቸው ተደግፈው ገቡ፤ "ኖር!" ቀጥሎ የገባው እዚያው ሲጠጣ የዋለ፣ ጓሮ ደርሶ የተመለሰ የራሳችን አጎት ነበር፤ ለእሱም ተነሡለት።

አባቴ ፈላ። "አንተ ሰውየ፣ ይኼን ጊዜ እኔ እርሻ ውየ፣ በሬየን ፈትቸ ቤቴ እገባ ነበር" አለ።

"እውነትዎን ነው፣ ይገቡ ነበር" አለ አንዴ ብቻ። "ትንሽ ቀና ይበሉልኝ።"

"ዓይንህን የጨፈንኸው ተኝተህ ነው?"

"እውነትዎን ነው፣ እንቅልፍም ነበረብኝ። አንገትዎን ወደዚህ።"

ይህ ነበር የሰውየው ዘዴ፤ ለሚሰድበው ሁሉ ልክ ነህ ይላል። ጠብ የሚፈልግ ሰው ጠበኛ ሲያጣ ይደክመዋል፤ ብዙዎቹ በዚህ ይበርዱ ነበር። አባቴ ግን ባሰበት። አንዴ ብቻ ግራ ቀኝ አየና ከፊት ሣሩ ላይ የተቀመጥነውን ሕፃናት በዓይኑ ቆጥሮ እኔ ላይ ቆመ። "ይች ትንሿ እግራቸው ላይ ትቀመጥልኝ" አለ። የአባቴ ሁለት እግሮች ላይ፣ አዲሱ የላስቲክ ጫማው ላይ፣ ጀርባዬን ቅልጥሙ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ወዲያው ገባኝ፤ ካስማ ነኝ። ሌላው ሰው ፊቱን ነው የሚያየው፣ እኔ ግን እግሩን አውቃለሁ፤ ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ከሥሬ ይርመሰመሱ ነበር።

ያን ጊዜ ከመንገዱ በኩል ጥሩንባ ተነፋ። የሙሽራው አይሱዙ ነው፤ ሳይመሽ ደጋውን ሊወጣ የቸኮለ። አባቴ "አበቃ!" አለ። ብብቴን ይዞ እንደ ቅርጫት አንሥቶ ወደ ጎን አስቀመጠኝና ቆመ። እናቴ የጋቢውን ጫፍ ያዘች። "ኧረ አንቱ፣ ለልጅዎ" አለች፤ ድምፅዋ ግን የልመና አልነበረም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ለቀቀችው። እታለም አንገቷን ደፋች። ያኔ በልጅ ልቤ፣ ባርኔጣው ገበዝ ማርያም ድረስ ተከትሏት ሲሄድ ታየኝ፤ በጨዋታችን ስሰድብ የኖርኩትን ፎቶ አንሺ፣ አሁን የሆነ ነገር አድርግ ብዬ በሆዴ ለመንኩት።

አንዴ ብቻ አባቴን አላየውም። እታለምን ነበር የሚያየው። ካሜራውን ወደ ደረቱ አወረደና "አለቀ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሉ እንግዲህ፣ ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ትሳምና ትነሣ" አለ።

እታለም ሄዳ ጉልበቱ ላይ ተደፋች። ልጅ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አባት ወዴት ይሄዳል? ተቀመጠ። እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጫነና "ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ" አለ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን "አሜን" አልን። እዚያ ላይ ይበቃዋል ብለን ነበር። ሰላምታ የሚያሳጥረው ሰው ግን ምርቃቱን አስረዘመው። "የነካሽው ይባረክ። የረገጥሽው ይለምልም። ደጋው ብርድ ነው፣ ብርዱን ያርቅልሽ። ክረምቱ መንገዱን ቢዘጋው ወሬሽ አይጥፋብኝ።" እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ መምሬ ቀስ ብለው ጀርባውን ነኩት። በዚህ መካከል አንድ እንግዳ በአጥሩ በር ገብቶ ነበር። ማንም "ኖር" አላለም፤ እሱም ባለበት ቆሞ እጁን ዘረጋ። ካሜራው ቀጭ ያለው ያኔ ነው።

አባቴ ያን ቀን የቸኮለው ለምን እንደሆነ እዚያው ገባኝ ብል ውሸት ነው፤ ልጅ ነበርኩ፣ ሐሳቤ ሠርጉ ቤት ያለው ሥጋ ላይ ነበር። ልጁ ስትሄድ ተቀምጦ ማየት ስላልሆነለት እንደነበር የገባኝ የራሴን ልጅ ትምህርት ቤት ሸኝቼ፣ በሩ ላይ መቆም አቅቶኝ እየሮጥኩ የተመለስኩ ቀን ነው።

ፎቶው ታጥቦ የመጣው ከጾሙ በፊት ነው። ካሜራውን የሚያይ አንድ ሰው የለበትም። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ወደ አንድ ቦታ ያያል፤ የእታለም ፊት ግማሹ ብቻ ይታያል፤ መካከል ላይ አባቴ አፉ እንደተከፈተ፣ ግንባሩም ዓይኑም ሳይጎድል፣ ተቀምጧል። እናቴ መጀመሪያ "ምነው ይኼ ሁሉ ሰው ወደኔ አያይም?" አለች። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ወጥታ ደጋግማ አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። አንዱ ቅጂ ገበዝ ማርያም ሄደ፣ አንዱ ከባርኔጣው በላይ ተሰቀለ። አባቴም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ በቁሙ ሆኖ "አየህ፣ መቀመጥ አቅቶኝ አይደለም" ይል ነበር።

ዛሬ የአንዴ ብቻ ፎቶ ቤት የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ጥር የእታለም የመጨረሻ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲያገባ ቤተሰቡን ሰብስቤ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ በስልኬ። የዛሬ ሰው ለእንግዳ ስለሚነሣ አይደለም የሚያስቸግረው፤ አንገቱን ከስልኩ ላይ ስለማያነሣ ነው። "አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!" ብዬ ስጮህ ሌላው የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ኦኬ ነው፣ እኔ አንሥቼ ፖስት አድርጌዋለሁ" አለኝና ተበተኑ። እኔም ብሆን ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ነበር፤ የቡሬ መኪና እንዳያመልጠኝ ባጃጅ ውጭ አቁሜያለሁ። ከአባቴ የወረስኩት መሬት የለም፤ ችኮላውን ግን ሙሉውን ወርሻለሁ።

ዞር ስል ያረጀው አባቴ ገና ወንበሩ ላይ ነው። በነጭ ጋቢው፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስልኩ በነበረበት በኩል ቀጥ ብሎ እያየ ይጠብቃል።

"አለቀ እኮ አባባ፣ ይነሡ" አልኩት።

"ምነው፣ አንዴ ብቻ አትደግሚም?" አለኝ። ከዚያ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ወንበር አየ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከጎኑ አንድ ወንበር ሳያስቀምጥ አይቀመጥም። "እናትሽን አንድ ቀን በወጉ ተቀምጨላት አላውቅም። አሁን መቀመጥ ለምጃለሁ፤ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁ።"

ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። በእጄ ሂድ አልኩት። ስልኩን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ፣ በሐበሻ ቀሚሴ ሣሩ ላይ ወረድኩና እንደ ድሮው የአባቴ እግር ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዳላሳምመው ክብደቴን ሳልጥልበት። ጣቶቹ ከሥሬ ዝም ብለዋል። ያኔ እዚያ ያስቀመጡኝ እንዳይሄድብን ነበር። አሁንም የተቀመጥኩት ለዚያው ነው።